ከጡረታ በኋላ ጉድጓድ የገቡት መምህር

ጡረታ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ገበሬ ጡረታ አይወጣም፤ ቄስም አይወጣም፤ እንጀራ የምትጋግር እናትማ ነገሩን ጨርሶ አታስበውም። ስድሳ ዓመት ሲሞላው ደብዳቤ የሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እኛም ዛሬ ገና ጠመኔ አያያዝ የምንለማመደው ዕጩ መምህራን አንድ ቀን ያ ደብዳቤ ይደርሰናል። ለመሆኑ ከዚያ ወዲያ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን የምናውቀው ጡረተኛ ጠዋት ከግንብ ሥር ፀሐይ የሚሞቅ፣ ቀትር ላይ ሬዲዮ የሚያዳምጥ፣ ማታ ደግሞ የጡረታ አበሉንና የጤፍን ዋጋ እያስተያየ የሚተክዝ ሰው ነው። እንዲህ ያሉት እንዳሉ ሆነው፣ እኔ ግን ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሌላ ዓይነት ጡረተኞች ነው። የእናቴ አባትና እናት ናቸው፤ እኛ የልጅ ልጆች አባባና እማማ እንላቸዋለን።

የሚኖሩት ማክሰኝት ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ አዘዞንና ጠዳን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። አባባ ገና ተማሪ ሳሉ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥረዋል፤ ኋላም በመምህርነት ተቀጥረው 38 ዓመት አስተምረው በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። እማማ ግን ደመወዝ ኖሯቸው ስለማያውቅ ጡረታም የላቸውም። «እኔን ደግሞ ማን ያሰናብተኛል?» ይላሉ።

የምነግራችሁ ስለ ብርዱ ወራት ነው፤ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥር መጨረሻ ስላለው ጊዜ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ ትምህርት «ዊንተር» ማለት ክረምት ነው እየተባልን አድገናል። ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉት ግን በእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ በረዶ የሚወርድባቸው ወራት ናቸው። በእኛ አገር ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ዝናብ የለም፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። እንግዲህ እንግሊዝኛ የሚደርሳችሁ ሁሉ ይህን ሳታብራሩ እንዳታልፉ፤ አለዚያ ልጆቹ የለንደን ሰው በሐምሌ ጭቃ የሚዳክር ይመስላቸዋል።) መከር ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል። በዚህ ጊዜ አባባና እማማ ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ወይ እጃቸው ይሠራል፣ ወይ እግራቸው ይሄዳል።

እማማ በጥቅምት ያስቆረጡትን ስንደዶና አክርማ አድርቀውና ቀለም ነክረው አስቀምጠዋል፤ ወስፌያቸውን ይዘው ሌማትና አገልግል ይሰፋሉ። ይህ በጎንደር አዲስ ነገር ስላልሆነ አልዘገይበትም። ሠፈሩን ያነጋገረው የአባባ ሥራ ነው። አባባ በጡረታቸው በሁለተኛው ዓመት ሽመና ተማሩ።

ያስተማሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሦስት ልጆቻቸውን አባባ በየተራ ያስተማሩላቸው ሽማግሌ ሸማኔ። «ልጆቼን ያለ ክፍያ አስተምረህልኛል፣ እኔም ያለ ክፍያ አስተምርሃለሁ» አሏቸው አሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑን ረስተውት ነው እንዳይባል ሰውዬው ቀልደኛ ናቸው። ብቻ አባባ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ደብተር እንደሌለው አንደኛ ክፍል ተማሪ እየተነሡ ይሄዱ ጀመር። መጀመሪያ ለብዙ ሳምንት ማግ ማጠንጠን ብቻ፤ ቀጥሎ መወርወሪያውን መወርወር፤ ከሁሉ ያስቸገራቸው ግን እጅና እግር አንድ ላይ ማዘዝ ነበር። ሸማኔ እግሩ ከጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ተራ በተራ ሲረግጥ እጁ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ አንዱ ከቀደመ ጥለቱም ዳሩም ይበላሻል። የመጀመሪያዋ ሥራቸው ዳርዋ እንደ እባብ የሄደች ፎጣ ነበረች። እማማ አሁንም ሊጥ ይሸፍኑባታል።

ኋላ በራሳቸው ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ጉድጓድ አስቆፈሩ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሥራ አንድ ሆነ። እማማ ጥጡን ከገበያ ገዝተው ፍሬውን ይለያሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ አመልማሎ አድርገው በእንዝርት ይፈትላሉ። ድሩን እንደ ዛሬ ሸማኔ ሁሉ የፋብሪካ ክር ይገዛሉ፤ ማጉ ግን የእማማ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ማግ ይበላል። ከቤት ሥራው ጋር ሲሆን ለአንድ ጋቢ የሚሆነውን ፈትሎ መጨረስ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና ይፈጅባቸዋል። አባባ ክሩ ሲበጠስባቸው «የፈታዩዋ ጥፋት ነው» ይላሉ፤ እማማ ደግሞ «እንደ ጠመኔ እየተጫኑት ነው እንጂ ክሬስ ደህና ነው» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚል ይመስላል። ዘመድ ግን ደስ አላለውም። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ስልክ ደውሎ «አባባ፣ ምን ጎደለብዎት? ከጎደለ እኮ እኛ እንልካለን» አለ። ሰው «መምህር ሸማኔ ሆኑ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የታመመ ሰው ስም እንደሚጠራ ማለት ነው።

ይህ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ከየት መጣ? በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ሥራቸው ይፈለጋል፣ ሰዎቹ ግን ይናቃሉ። በጎንደር ሽመናው ለብዙ ዘመን በአብዛኛው በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ነበር፤ ብረቱና ሸክላውም እንዲሁ የቤተ እስራኤል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ እነዚህ ሰዎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ታዝዞ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ከጎንደር በስተሰሜን አጠገብ ያለችውን ወለቃን ያየ ደግሞ ሌላውን ታሪክ ያውቃል፤ የሸክላ ምስል ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል፣ በ1977ቱና በግንቦት 1983ቱ ጉዞዎች ጊዜና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሙያው ይናፈቅ ጀመር።

እኛስ? በዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ ያባትህ ሥራ ምንድን ነው ሲባል «ነጋዴ» የሚል የሸማኔ ልጅ የለም ትላላችሁ? እኔ አለ እላለሁ፤ አልፈርድበትምም። ነገ ግን ያው ልጅ ክወናና ዕይታ ጥበባትን ሊያስተምር ክፍል ይገባል፤ የአካባቢያችሁን የእጅ ሥራ አምጡ ይላል። ያን ጊዜ ተማሪው ከእጁ ይልቅ ፊቱን የሚያይ ይመስለኛል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። አባባና እማማ የሠሩትን አይሸጡም። በዚህ ላይ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ የጡረታ አበል የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጎንደር ከተማ ደግሞ ደህና ጋቢና ደህና ሌማት ገዢ አያጣም። እማማ ግን አይሰሙኝም። በብርዱ ወራት የሚሠራው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ቤት ተቆርጦለታል፤ ይኼ አገልግል ለአራሷ፣ ይቺ ሌማት በጥር ለምታገባዋ፣ ይኼ ጋቢ ባል ለሞተባት። ገና ሲያልፍ ከዘራና ስንቅ ይዘው ይነሣሉ። ባዶ እጅ ከዘመድ ቤት መግባት ነውር ነው፤ ስኳር ገዝቶ መግባት ደግሞ ለእማማ ከባዶ እጅ ብዙም አይሻልም።

የሚሄዱትም ባመዛኙ በእግር ነው። በ2015 ጥር እስከ እንፍራንዝ በመኪና ሄደን፣ የአባባን የአክስት ልጅ ጠይቀን፣ በማግሥቱ ጉዛራ ግንብ ድረስ በእግር ወጣን። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው ያ ግንብ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የተሠራ ነው። ከላይ ሆኖ ጣና ይታያል። እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሽምብራ እሸት ሲፈለፍሉ አባባ «የንጉሡን ስም ታውቀዋለህ፤ የግንበኛውን ስም ንገረኝ» አሉኝ። የሚያውቅ ካለ ይመልስላቸው።

በ2016 ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በክልላችን ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋ ነበር፤ የሞባይል ዳታም ተቋርጦ ነበር። ልጆቹ ሁሉ «ዘንድሮ እንኳ ተቀመጡ» ብለው ለመኑ። እማማ «በደህና ቀንማ ማን አይጠይቅ!» አሉ። የዚያ ዓመቱ ጋቢ የተቆረጠው ለታላቅ ወንድማቸው ነበር፤ ከማክሰኝት በስተምሥራቅ ደጋው ላይ ይኖራሉ፤ ሽመናውን ከሁሉ አብልጠው የነቀፉትም እሳቸው ናቸው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቀኑ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ሦስታችን ተነሣን። ጉማራን ተሻግረን፣ በየጥላው እያረፍን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስን።

እግራችንን አስታጠቡን፣ ጠላ ቀረበ፣ የሁሉም ደህንነት ተጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ አባባ ዞረው «መምህር፣ ጡረታ ወጣ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጉድጓድ ገባ አሉኝ» አሉ። ቤቱ ፀጥ አለ። አባባ ዋንጫቸውን አስቀምጠው «ገና እስከ ጉልበቴ ነው፤ አትቸኩል» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እማማ ጋቢውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ። ተቀበሉ፣ መረቁ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሁለት ሌሊት ስናድር በአሮጌው ጋቢያቸው ተጠቅልለው ተኙ እንጂ አዲሱን አልነኩትም። እማማ አይተዋል፤ ምንም አልተናገሩም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልንሄድ ስንል ብርዱ ብሶ ነበር። ሽማግሌው ሊሸኙን ሲወጡ ጋቢውን ደርበውታል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ከብት የሚነዳ ጎረቤታቸው አገኘንና ሰላምታ ተሰጣጥተን ስናበቃ ጋቢውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ «አያ፣ ይኼስ ይሞቃል፤ የት አሠሩት?» አላቸው። አባባ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመዋል።

«ባለሙያ አለኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ተሰናብተን ወረድን። እማማ ብዙ መንገድ ዝም ብለው ከሄዱ በኋላ «ስምዎን መጥራት አቃተው!» አሉ።

«አልሰማሽም እንዴ?» አሉ አባባ፤ «ባለሙያ ነው ያለኝ። 38 ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

እማማ ግን ጉማራን እስክንሻገር አልሳቁም።