ቅንድብና ሙቀጫ

አቴና ውስጥ የእኛን ሰው የሚጥለው ባዕዱ ነገር አይመስለኝም፤ የሚመሳሰለው ነው። ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ይጾማሉ፣ በቡና ላይ ሲያወጉ ይውላሉ፣ ዓይን እንዳይበላው ብለው ሕፃን ላይ «ፍቱ ፍቱ» ይላሉ። ይህን ያየ ሐበሻ አገሬ ገባሁ ብሎ ዘና ይላል። ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ቅንድብን እንውሰድ። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ቅንድባችንን ከፍ፣ ትንፋሻችንን ሳብ አድርገን «አዎ» እንላለን። ግሪኩ ቅንድቡን ሲያነሳ ግን «የለም» ማለቱ ነው፤ አገጩን ቀና አድርጎ ምላሱን «ጭ» ካደረገማ ነገሩ አልቋል። አሠሪዋ «ወጥ ቤቱን ጨረስሽ?» ስትላት፣ ጨርሳ እጇን እያደራረቀች ያለች ልጅ ቅንድቧን ብቻ ብታነሳ፣ ሴትዮዋ ያልጸዳውን ፍለጋ ትነሳለች። እጅም ያስጠይቃል። «አምስት ስጠኝ» ለማለት ጣትን በታትኖ መዳፍን ወደ ሻጩ ፊት መዘርጋት «ሙንዛ» ነው፣ ከባድ ስድብ። በቢዛንታይን ዘመን ወንጀለኛን ፊቱን ጥላሸት ከመቀባት የመጣ ነው ይላሉ።

ቡናው ስኳሩ አብሮት ስለሚፈላ መጠኑ አስቀድሞ ይነገራል። «የቱርክ ቡና» ብሎ ማዘዝ ግን አይበጅም። ድሮ ራሳቸውም እንዲያ ይሉት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ቱርክ ቆጵሮስን ከወረረች ወዲህ ግን «የግሪክ» የሚለው ስም ገነነ። የእኛ ቡና ሌላ ችግር አለበት፤ ይወቀጣል። በበጋ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል በሕግ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ ኪፕሴሊ በሚባለው የአቴና ሰፈር ፎቅ ላይ በዚያ ሰዓት ሙቀጫ ያነሳች ሴት ከሥሯ የተኛውን ጎረቤት በራሷ እጅ ትጠራዋለች። ያውም ለቡና አይደለም የሚመጣው።

ብዙ ግሪክ ከልደቱ ይልቅ የስሙን ቅዱስ ቀን ያከብራል፤ ጋባዡም ባለበዓሉ ራሱ ነው። ሥራ ቦታ ጣፋጩን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ሚካኤል የሚባል የእኛ ልጅ ኖቬምበር 8 «ክሮኒያ ፖላ» (ብዙ ዓመት ያኑርህ) ሲሉት ግራ ይገባዋል፤ ኅዳር ሚካኤል ገና 13 ቀን ይቀረዋላ! በዓሉ ያው አንድ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1924 ቀናቸው የማይለዋወጥ በዓላትን ወደ አዲሱ አቆጣጠር ስላዞረች ነው የተለያዩት። ብልጡ ሚካኤል ሁለቴ ይጋብዛል።

ፋሲካና ዐቢይ ጾም ግን በዚያው በአሮጌው ሒሳብ ስለሚሄዱ፣ እኛ ወደ ጾሙ አንድ ሳምንት ቀድመን ብንገባም አብረን እንፈታለን። በመካከሉ ያለው ማዕድ ነው የሚያፋጥጠን። ደም የለውም ተብሎ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ይበላል። ዓሣ እንኳ የማይቀምሰው የእኛ ጿሚ «ይሄም ጾም ሆኖ!» ሊል ምላሱን ይበላዋል። ይዋጠው። አጥብቃ የምትጾመው ግሪካዊት አሮጊት ከሰኞ እስከ ዓርብ የወይራ ዘይት እንኳ አትነካም፤ የእኛን የጾም ሽሮ ዘይት አቅርሮ ስታየው ምን እንደምትል እስካሁን የጠየቃት የለም።