የሞቀው ገመድ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ምክር እጽፍላችኋለሁ። ዘንድሮ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በወላጆች ቀን ጠዋት እናቶች ቡናና ሻይ ለማፍላት ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘው መጡ። አዳራሹ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነበር። «ችግር የለም» አልኩና ኤክስቴንሽን አምጥቼ ሁለቱንም በገዛ እጄ ሰካሁ። ብዙም ሳይቆይ የጥበቃ ሠራተኛችን «ዳይሬክተር፣ ላስቲክ ይሸታል!» እያሉ ሮጠው ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፉት። ገመዱ እጅ ያቃጥል ነበር። ገመዱ ባለፈበት ምንጣፍ ላይ ደግሞ ሕፃናት ተቀምጠዋል። ይህን ያደረግሁት ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ገመዱን ይዤ 9ኛ ክፍል ገባሁና ሒሳቡን አብረን ሠራነው። እያንዳንዱ ምድጃ ላይ 2200 ዋት ተጽፏል። እዚህ ጅቡቲ ሶኬቱ የሚሰጠን 220 ቮልት ነው። ዋቱን ለቮልቱ ስናካፍል ኮረንቲው 10 አምፔር ሆነ። ቮልቱን ለኮረንቲው ስናካፍል የምድጃው ሬዚስታንስ 22 ኦም ሆነ። ሁለቱ ምድጃዎች ጎን ለጎን ሲሰኩ ግን ሬዚስታንሱ አይደመርም፤ ለኮረንቲው ሁለተኛ መንገድ ስለተከፈተለት በግማሽ ቀንሶ 11 ኦም ይሆናል። ስለዚህ በገመዱ ያለፈው 20 አምፔር ነው። ገመዱ ላይ የተጻፈው ግን 10 አምፔር ነበር።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሬዚስታንስ ሙቀት ይፈጥራል ተብለናል። ታዲያ ሬዚስታንሱ ሲቀንስ ሙቀቱ እንዴት ጨመረ?»

ክው አልኩ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ልጅ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። «ፎርሙላውን አጥና፤ ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

መልሱ የሚጀምረው «የማይለወጠው የትኛው ነው?» ከሚል ጥያቄ ነው። ለምድጃው የማይለወጠው ቮልቴጁ ነው። ስለዚህ ሬዚስታንሱ ሲያንስ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ኃይሉም ይጨምራል። ገመዱ ግን የሚያልፍበትን ኮረንቲ አይወስንም፤ የሚወስኑለት ምድጃዎቹ ናቸው። የገመዱን ሙቀት የምናገኘው ኮረንቲውን በራሱ አባዝተን፣ ያንን በገመዱ ሬዚስታንስ ስናባዛ ነው። ለምሳሌ የገመዱ ሬዚስታንስ 0.2 ኦም ቢሆን በ10 አምፔር 20 ዋት፣ በ20 አምፔር ግን 80 ዋት ሙቀት ያወጣል። እኔ አንድ ምድጃ ብቻ የጨመርኩ መስሎኝ የገመዱን ሙቀት አራት እጥፍ አደረግሁት።

ወላጆች ሆይ፣ ቤት ስትገቡ ኤክስቴንሽናችሁ ላይ የተጻፈውን አምፔር አንብቡ። የምትሰኩባቸውን ዕቃዎች ዋት ደምሩና ለ220 አካፍሉ። ውጤቱ ከተጻፈው ከበለጠ አንዱን ንቀሉ። ካልገባችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ዘንድሮ በደንብ ያውቁታል።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የት እንዳለ አላውቅም። የእሱን መልስ ለዚያች ተማሪ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላት። እናንተም ተማሪዎቼ፣ መምህራችሁ ዳይሬክተሩ ቢሆን እንኳ፣ ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትቀመጡ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።