መቺው ይጠግን

እኛ የጎረቤላ ልጆች ታንክ ሠርተናል። አትሳቁብን! አካሉ የሰርዲን ጣሳ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ አፈሙዙ ሸምበቆ፤ ሞተሩ ደግሞ ገመድ የሚጎትት ታናሽ ወንድም።

በውጭ አገር ለዚሁ ጨዋታ የሚሰባሰቡ ሰዎች ታንኩን ከእውነተኛው ስድስት እጅ አሳንሰው ይሠሩታል። በባትሪ ይሄዳል፣ በሬዲዮ ይታዘዛል፣ ቀለም ያዘለ እንክብል ይተኩሳል። ቲ-55ን እንዲህ ብታሳንሱት የአካሉ ርዝመት ያለ አፈሙዙ አንድ ሜትር ያህል ነው። የኛው ጥይት የጭቃ ድብልብል ነበር።

የጦር ብረት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ከሃሪስ መድፍ ተቀብለዋል። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ዘልቆ ነበር። ያን ሰሞን ታናናሾቻችን ጣሳቸውን ሸሸጉ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

እኛ የምንናፍቀው የጨዋታችንን ሕግ ነው። ታንኩ የተመታበት ልጅ «ሞትኩ!» ብሎ ይቀመጣል፤ መቺው ገመዱን ጥሎ ይመጣና የወለቀውን ጎማ አብሮት ይጠግናል። ሳይጠገን ሁለተኛ ዙር የለም። እስቲ ንገሩን ጓደኞቻችን፣ ከዚህ የሚበልጥ የጦር ሕግ የትኛው መጽሐፍ ላይ አነበባችሁ?