እጄ ከዳኝ!

የዛሬው ወሬያችን ስለ ሁለት እጮኛሞች ነው። ግን እነሱ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ስለ አንዲት የእጅ ማሰሪያ ልንገራችሁ። የወርቅ አይደለችም፣ የብርም አይደለች። መዳፍ የምታህል ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ሁለት ተጣባቂ ቀበቶ፣ በቃ። ጎልፍ ለሚባለው ጨዋታ መለማመጃ ተብላ የተሠራች ዕቃ ናት። ይቺ ጉደኛ ከባሕር ማዶ ጎንደር ድረስ መጥታ የሰው ቀለበት ልታስቀር ምንም አልቀራት!

«ኧረ ጎንደር ላይ ጎልፍ የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። የለም። እኛ ጋ ሜዳ የተገኘ እንደሆነ እግር ኳስ ይቀድማል፤ እግር ኳስ ካልቀደመ ቤት ይሠራበታል። ዕቃዋን ያመጣት የአክስቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ከዳባት ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ አሜሪካ ከገባ ግን ብዙ ዓመቱ ነው። እዚያ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ የጎልፍ ሜዳ ሣር ማጨድ ነበር። ሠራተኞች ማታ ማታ በነፃ እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸዋል አለ። ሲያይ ሲያይ ለመደና ይኸው ዛሬ ጎልፍ ካልተጫወተ እሑድ እሑድ አይመስለውም። አምና ለጥምቀት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ አጭር የብረት ዱላ፣ ሦስት ነጫጭ ኳሶችና ያቺ ማሰሪያ ነበሩ። ሽቶና ጫማ ሲጠብቁ የነበሩ ዘመዶች ፊት ላይ የታየውን ነገር እናንተው ገምቱት።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ላውራችሁ። ጎልፍ ሲባል በቴሌቪዥን የምናየው ሰውየው ወገቡን ጠምዝዞ ኳሷን አየር ላይ ሲሰዳት ነው። ጨረቃ ላይ እንኳ ተመትታለች! እ.ኤ.አ. በ1971 አለን ሼፐርድ የሚባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ዱላ ይዞ ሄዶ ጨረቃ ላይ ኳስ መትቷል። ይህ ግን ቀላሉ ነው ይላል የአክስቴ ልጅ። ጭንቁ ያለው ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ከደረሰች በኋላ ነው። እንደ ምንጣፍ በተስተካከለ ሣር ላይ ቀስ አድርጎ ገፍቶ ማስገባት አለ። ፓቲንግ ይሉታል። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ በ72 ምት ያልቃል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ከዚያ ውስጥ 36ቱ፣ ማለትም ለየጉድጓዱ ሁለት ሁለቱ፣ ለፓቲንግ የተመደቡ ናቸው። ግማሹ ማለት እኮ ነው! ጉድጓዱ ደግሞ ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሦስት ሜትር ርቀት ሲመታ የዱላው ፊት አንዲት ዲግሪ ዘወር ካለ ኳሷ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ትስታለች። የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ደረሰች ማለት ነው። ሁለት ዲግሪ ከሆነማ ደኅና ሁኚ።

ያቺን አንድ ዲግሪ ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው የእጅ አንጓ ነው። ስለዚህ አሠልጣኞቹ «ሁለት ክንድህና ትከሻህ አንድ ላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ ይወዛወዙ፣ አንጓህ ግን ይሙት» ይላሉ። ማሰሪያዋ የተፈለገችው ለዚህ ነው። ፕላስቲኳ ከክንድ ጫፍ ተነሥታ የእጅን ጀርባ ትይዛለች። አንጓህ ሊታጠፍ ሲል ትገፋሃለች፤ «ተው!» እንደሚል ሰው። ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። ሁለቱን ክንድ ከክርን በላይ አንድ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ጓንት የሚመስሉ አሉ፤ እንቅስቃሴውን ለክቶ ስልክ ላይ የሚያሳይም ወጥቷል። የእኛዋ የድሃዋ ዓይነት ናት፣ ባትሪም የላትም።

የአክስቴ ልጅ ለምን እንዳስፈለገችው ሲናገር ነው ነገሩ የጣመኝ። «እኔ ያደግሁት ገና እየተጫወትኩ ነው» አለኝ። ወገራና ዳባት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ከጫካ መርጠህ ትቆርጣለህ፣ ታኅሣሥ ሲመጣ ሜዳ ላይ እሩሯን ትለጋታለህ። ቀስ ብሎ መግፋት የሚባል ነገር የለም። ባለ በሌለ ኃይልህ፣ መጨረሻ ላይ አንጓህን ቆረጥ አድርገህ፣ የሌላው ሰው ቅልጥም ቢሰበርም ግድ የለህም። ያ እጅ ሃያ ዓመት ቆይቶ የጎልፍ ሣር ላይ ሲቆም ምን ያድርግ? ከሁለት ሜትር ኳሷን ገፋ አድርጋት ሲባል እንደ እሩር ሊለጋት ይቃጣዋል። «አሠልጣኙ ይህን አንጓ የት ነው የተማርከው አለኝ። ዳባት አልኩት። ዳባትን አላወቃትም።»

እንግዲህ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ማሰሪያዋን አድርጎ፣ የቡና ስኒ አጋድሞ ኳስ ሲገፋ አያቴ ከጓዳ ወጡ። ክንዱን አዩት።

«ልጄ፣ ይኼን ክታብ ማን ጻፈልህ?»

«ክታብ አይደለም እማማ፣ የጨዋታ ዕቃ ነው።»

«ዛሬስ ለጨዋታም ይታሰራል?» ብለው ገቡ።

እኛ ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን አያቴ ከሁላችንም በላይ ነገሩ ገብቷቸው ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፣ ሠፈሩንም አልናገርም። ፑል ተጫዋች ነው። ተጫዋች ስላችሁ በእውነት ይችላል። ኳሶቹን አንድ በአንድ ሲለቅማቸው ማየት ደስ ይላል። አንድ ችግር ብቻ አለበት። ብር የተያዘበት ጨዋታ ከሆነና የቀረችው ጥቁሯ ከሆነች፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሁሉም እሱን ካየው፣ እጁ ይከዳዋል። ስቲኩ መጨረሻ ላይ ዝንፍ ይላል። ሕፃን የማይስታትን ኳስ ይስታታል። ከዚያ ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እጄ ከዳኝ!» ይላል። የሠፈሩ ልጆች ቅጽል ስም ሊያወጡለት ደርሰው ነበር።

ይህ ሰው ማሰሪያዋን ባየ ጊዜ ዓይኑ በራ። የአክስቴ ልጅም ቸር ነው፣ ትቶለት ሄደ።

እውነት ለመናገር ዕቃዋ ለፑል አልተሠራችም። ጎልፍ ላይ የሚወዛወዘው ትከሻ ነው፣ ክርን አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ፑል ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የላይኛው ክንድ ጸጥ ይላል፣ ከክርን በታች ያለው ነው የሚመላለሰው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር፣ አንጓ በመጨረሻዋ ቅጽበት መጠምዘዝ የለበትም የሚለው ነው። ለዚህ ለዚህ ማሰሪያዋ ትረዳለች። ረዳችውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስቲኩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እኔው ራሴ አይቻለሁ። ጠዋት ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ማሰሪያዋን አጥብቆ፣ ጥቁሯን አሥር ጊዜ ቢመታ ዘጠኙን ያስገባል።

ታዲያ ምን ሆነ? ልቡ አበጠ። እጮኛው (እሷንም አልጠራትም፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው) እቁብ ደርሷት 30,000 ብር ሰጥታው ነበር፣ ለቀለበትና ለአንዳንድ ነገር። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ተጫዋች ጋር ያዘ። መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎ ከፍ እያለ። ጓደኛዬ ማሰሪያዋን አድርጎ ሲቀርብ ሰውየው «አውልቅ! ወይም ለእኔም አምጣልኝ» አለ። ቤቱም ፈረደበት። ሰውየው ልክ ነው። ራሱ ጎልፍ ላይ እንኳ ውድድር ከተጀመረ መለማመጃ ዕቃ አድርጎ መምታት ሕጉ አይፈቅድም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህማ የዱላውን ጫፍ ሆድ ወይም ደረት ላይ ተክሎ መምታትም ተከልክሏል፣ እጅን ከድንጋጤ ያሳርፋል ተብሎ።

አወለቀ። ጥቁሯ ጋ ደረሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። በዚያች ማታ 12,000 ብር ሄደ።

ሰው «ማሰሪያዋ አታለለችው» ሲል ሰማሁ። ፕላስቲክ ሰው አያታልልም። ግን የሆነውን ነገር ለማወቅ ብዬ ያነበብኩት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ሰው አንድን እንቅስቃሴ ሲማር ከውጭ የሚመራው ነገር ሁልጊዜ ካልተለየው፣ በልምምዱ ሰዓት ጥሩ ይሠራል፣ መሪው ሲወሰድበት ግን ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር የሚባሉ ተመራማሪዎች ጽፈውታል። ምክንያቱም አእምሮው የተማረው ያለ ድጋፍ መቆምን ሳይሆን በድጋፉ መደገፍን ነው። ልጅ ብስክሌት ስታስተምሩ ኮርቻውን ይዛችሁ ሁልጊዜ ብትሮጡ ማለት ነው። ጓደኛዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አውልቆ አልመታም። ይኼን ጠይቄው ነው ያረጋገጥኩት።

ሌላም አለ። እጅ መክዳት የእኛ ሠፈር ልጅ ብቻ በሽታ አይደለም። ጎልፈኞች ስም አውጥተውለት «ዪፕስ» ይሉታል። በርንሃርድ ላንገር የሚባል ጀርመናዊ፣ የዓለም ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ፣ ይህ ነገር በተደጋጋሚ ይዞታል። ዱላውን ከግራ ክንዱ ጋር አጣብቆ በቀኝ እጁ ጨምድዶ ይመታ ጀመር። ሲታይ ያስቃል። ግን እንዲህ እያለ ማስተርስ የሚባለውን ትልቁን ውድድር በ1993 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ፤ የመጀመሪያው በ1985 ነበር። ሰውየው የገዛ ክንዱን ማሰሪያ አደረገው ማለት ነው። የአሜሪካው ሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ደግሞ ሰዎቹን መርምረው ነገሩ ሁለት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። አንዱ የነርቭና የጡንቻ ነው፣ ብዙ የሚጽፍ ሰው እጁ እንደሚጨማደደው ያለ። ሌላው ፍርሃት ነው። ብቻህን ስትለማመድም እጅህ የሚከዳህ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ አያሳፍርም። ሰው ሲያይህና ብር ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን… ወንድሜ፣ አንጓህ ጤነኛ ነው። አንጓህን የሚጠመዝዘው ያስያዝከው ገንዘብ ነው። እሱን የሚያስር ቀበቶ አሜሪካም አልተሠራም። አያቴ ክታብ ያሉት ይህን ነው ባይ ነኝ።

ማሰሪያ ያላችሁ፣ ወይም በዘመድ የምታስመጡ፣ እንዲህ አድርጉ። አምስት ጊዜ አስራችሁ ምቱ፣ አምስት ጊዜ አውልቃችሁ። ቀናት ባለፉ ቁጥር የታሰረውን ቀንሱ። የሌላችሁም አትዘኑ፤ ቅዳሜ ገበያ ከሚሸጥ የፕላስቲክ ማስመሪያና ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ሠርተን ሞክረናል፣ ይሠራል። ደም እስኪቆም ድረስ አታጥብቁት እንጂ። ለፑል ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ነፃ ነው። ባዶ የዳሽን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና ስቲኩን አፉን ሳያስነኩ ወደ ውስጥ ማመላለስ። ጠርሙሱ ከነቃነቀ አንጓችሁ ዋሽቷል።

ዓይናችሁንም አትርሱ። ጆአን ቪከርስ የተባለች የካናዳ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. የጎልፈኞችን ዓይን ተከታትላ ያየችው፣ ጎበዞቹ ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኳሷ ላይ ረጋ አድርገው እንደሚያቆዩ ነው፤ ሌሎቹ ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጀማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ክንዳችሁን አስቡ የተባሉት ዱላውን አስቡ ከተባሉት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ስለዚህ ጥቁሯ ፊት ስትቆሙ «አንጓዬ፣ አንጓዬ» አትበሉ። ኳሷንና ጉድጓዱን እዩ። ጓደኛዬ ያን ማታ ምን እያሰበ እንደነበር ጠየቅሁት። «ቀለበቱን» አለኝ።

እሷ ጉዳዩን የሰማችው ከእሱ አይደለም፤ ከሰው ነው። ያ ነው ከብሩ በላይ ያቃጠላት። እኔ ጋ መጥታ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አይደል? እንግዲያው ይኼን ጻፍ። የእኔ እቁብ እኮ ክርና መርፌ ነው» አለች። ሽማግሌ እንዳይላክ አስቁማለች። ግን አልጨረሰችውም። ብሩ በእጇ ይመለስ፣ ፑል ቤት ከጓደኛ ጋር ለጨዋታ ይሂድ፣ ብር ይዞ አይያዝ። ይህን ነው ያለችው። አንዳንድ ጓደኞቹ «በዛች» ይላሉ። እኔ አልበዛችም ባይ ነኝ። እንዲያውም እኔ እሷን ብሆን ለጨዋታውም ስድስት ወር አስቆመው ነበር።

እሱ አሁን ቀን የባጃጅ ሥራ ይዟል፣ የሰው ባጃጅ ነው። ማታ ማታ አንዳንዴ ፑል ቤት ይመጣል፣ የተሸነፈ ለስላሳ ይጋብዛል፣ በቃ። ባለፈው ሳምንት ጥቁሯ ላይ ደርሶ አየሁት። ማሰሪያዋ የለችም። አስገባት። ማንም አላጨበጨበለትም፣ ጨዋታው የለስላሳ ስለነበረ ማንም አላየውም።

ማሰሪያዋን ለአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰጣት፣ የሠፈር ቴኒስ ለሚለማመድ። ከ12,000ው እስከ ዛሬ 7,500 መልሷል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ደብተር ላይ እየተፈረመ። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት።