አውሮፕላን የማያልፍበት ሰዓት

ኢንግልዉድ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዘፈን መቅዳት ያማረው ሰው ከማይክሮፎን በፊት የአውሮፕላኑን ሰዓት ማወቅ አለበት። የሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ሁሉ ጎማውን ዘርግቶ የሚወርደው በእኛ ጣሪያ ላይ ነው። ቀን ላይ በአንዱና በሌላው አውሮፕላን መካከል አዝማች ብቻ ይገባል፤ ከአዝማች አልፎ ግጥሙን ልቀጥል ያለ ሰው ሌላው ይደርስበታል። ደግነቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12፡30፣ አየሩ ከፈቀደ፣ አውሮፕላኖቹ በውቅያኖሱ በኩል ገብተው በዚያው እንዲወጡ ይደረጋል። ያን ጊዜ በየአፓርታማው ኪቦርድ ይከፈታል።

ከበረራው መስመር ሥር ላሉ ብዙ ቤቶች በድምፅ መከላከያ ፕሮግራም ድርብ መስታወት ያለው መስኮትና ወፍራም በር ገብቶላቸዋል። የታሰበው ለእንቅልፍ ነበር፤ ስንቱ ግን ስቱዲዮ አደረገው።

አንድ ወዳጄ አለ፤ ቀን ሹፌር፣ ሌሊት ድምጻዊ። በራሱ ወጪ ሙሉ አልበም እየሠራ ነው። እናቱ ደሴ ናቸው። የመጀመሪያውን ዲሞ በቴሌግራም ላከላቸው፤ ሰምተው ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ምነው ድምፅህ እንዲህ ሰለለ? አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማዬ። ጎረቤት እንዳይነቃ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ቀን አትዘፍናትም?»

«ቀን አውሮፕላን አለ።»

«አውሮፕላኑ ደግሞ ምን አገባው?»

ወዳጄ ይህን እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን የእናትየው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው እላለሁ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር እስከ ክቡር ዘበኛ በመለከትና በሳክስፎን መሐል ቆሞ ዘፍኗል፤ ያ ሁሉ ነሐስ እየተነፋ ድምፁ ጎልቶ መውጣት ነበረበት። የእኔ ወዳጅ ግን ከጀርባው ያለው ቀጭን ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ በማለዳ ሥራ የምትገባ ነርስ ተኝታለች። ዛሬ ለስላሳ አዘፋፈን ከምንለው ግማሹ የቤት ኪራይ ውጤት ይመስለኛል።

ሌሊት በሙዚቃችን አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው የተነሳ የአዲስ አበባ ክለቦች በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ያጫውቱ ነበር። ያኔ ግን እንግዳውም ሙዚቀኛውም አብረው ታግተው ያድራሉ፤ የሚነቃ ጎረቤት የለም።

የወዳጄ ስቱዲዮ ክሎዜቱ ነው። በሩ ላይ ጋቢ ተደርቦ ተሰቅሏል፤ ጃኬቶቹና ሱሪዎቹ በሦስት ጎን ድምፅ ይውጣሉ። ማይክሮፎኑ የቆመው በጫማ ካርቶን ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ክብ ሆኖ የተጠማዘዘ የልብስ መስቀያ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ላይ የሴት ስቶኪንግ ተወጥሯል፤ «በ» እና «ፐ» ሲመጡ ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው ነው። ሲዘፍን አንዱን ጆሮ ከሄድፎኑ ያወጣል፤ ለቅኝቱ ይበጀኛል ይላል፤ እኔ የማየው ግን ኮሪደሩን ሲያዳምጥ ነው።

ከዚያ የቤቱ ባንድ ይጀምራል። ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ የጭስ ማስጠንቀቂያ በየደቂቃው ጢጥ ይላል። (በሐበሻ ቤት ይህ ዕቃ ቡና በተቆላ ቁጥር ከጣሪያ ወርዶ በፎጣ የሚጠቀለል ነው፤ ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም።) ፍሪጁም አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ዑደት ነው፤ የአገራችን 50። ሞተሩና ትራንስፎርመሩ የሚያንጎራጉሩት እጥፉን ነው፤ እዚህ 120፣ እዚያ 100። የሁለቱ ርቀት በሙዚቃ ሲለካ ልክ ማይነር ሰርድ ይመጣል። የአዲስ አበባና የኢንግልዉድ ፍሪጆች ጎን ለጎን ቢቆሙ አሳዛኝ ዜማ ይወጣቸዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጥፋ የሚል ሰው እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል የወጣው አልበማቸው ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት የተቀዳ ነው። ፒያኖው ላይ ተቀምጠው በቀጥታ ወደ ቴፕ ዘፈኑ፤ ሌላ መሐንዲስ የለም፣ ድገሚው የሚል የለም። ፒያኖው ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች አሉ። ውጭ አብዮትና ቀይ ሽብር የነበረበት ዘመን ነው፤ ቴፑ የያዘው ወፎቹን ነው። እማሆይ አልበሙን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ግን ወፍ የገባበት ቅጂ ሁሉ እንዲህ ያምራል ማለት አይደለም፤ ወፎቹ ያማሩት ፒያኖው ስላማረ ነው። ይህን ለወዳጄ ነግሬው ለሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።

ብቻውን አልበም መሥራትን በተመለከተ ሹፌሮቻችን የሚያነሱት ኃይሉ መርጊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ከደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ ማስቀመጫ አውጥቶ ከኋላ ወንበር ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ብራያን ሺምኮዊትዝ በሚባል አሜሪካዊ እጅ ገባና በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ታክሲውን ሳይተው የዓለምን መድረክ ዞረ።

እዚህም በአየር ማረፊያው መጠበቂያ ሜዳ መስኮቱን ዘግቶ ለስልኩ የሚያንጎራጉር ሹፌር ታያላችሁ። መኪና ጥሩ ስቱዲዮ ነው፤ ወንበሩ ድምፅ ይውጣል፣ ነርስ የለችም። ጥሪ ከመጣ ግን ዜማው በግማሹ ይቀራል። በግማሽ የቀረ ዜማ ደግሞ አንዳንዴ ከሞላው ይሻላል።

አልበሙ ካለቀ በኋላስ? እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ በተባለው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ፣ በበርበሬና በሽሮ ሱቆች ካሴትና ሲዲ ከባንኮኒው ኋላ ይደረደር ነበር፤ ዛሬ ቦታውን ሌላ ዕቃ ወስዶታል። ምሳሌ የሚሆኑን ሁለት የሐበሻ ልጆች በተቃራኒ መንገድ የሄዱ ናቸው። አባቱ ኤርትራዊ የሆነው ራፐር ኒፕሲ ሐስል በ2013 «ክሬንሾው»ን 1,000 ቅጂ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ድምጻዊው አቤል ተስፋዬ ደግሞ በ2011 የመጀመሪያ ሥራውን በነፃ ለቀቀው፤ በ2022 እዚሁ ኢንግልዉድ ሶፋይ ስታዲየም ሞላለት። በመስከረም ወር መድረክ ላይ እያለ ድምፁ ጠፍቶ ኮንሰርቱን አቋረጠ፤ በኅዳር ተመልሶ ጨረሰው። ወዳጄ ያን ቀን በስታዲየሙ ዙሪያ ሰው ሲያመላልስ ነው ያመሸው።

የወዳጄ አልበም አቀናባሪ አዲስ አበባ ነው። ወዳጄ በስተመጨረሻ የሰዓት ሒሳብ ከፍሎ እውነተኛ ስቱዲዮ ገባና ዘፈኖቹን በሙሉ ድምፁ ደግሞ ላከ። መልሱ በድምፅ መልእክት መጣ፦ «ወንድሜ፣ የስቱዲዮው ጥሩ ነው። ግን ሁለተኛዋን ዘፈን ከዲሞው ነው የምወስደው፤ እዚያ ላይ ሰው ትመስላለህ። ፍሪጁን ብቻ ንቀልና አንድ ጊዜ ድገማት፤ ከቤዙ ጋር አልተስማማም።»

ነቅሎ ደገማት። ጠዋት መልሶ መሰካቱን ረስቶ ሥራ ሄደ። አልበሙ ሲወጣ መጀመሪያ የሚከፈለው አብሮት ለሚኖረው ልጅ የበዓል ሥጋ ነው፤ ልጁ ሒሳቡን ጽፎ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፎታል።