ንጉሡ በእሳቱ ቦታ

አባቴ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ በጽሕፈት መኪና ጸሐፊነት አገልግለዋል። ለፊደል የነበራቸው ጥንቃቄ ለሰው ከነበራቸው አያንስም። በልጅነታችን «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎ የተገኘ ልጅ ከእራት በፊት ዐሥር ጊዜ በንጉሡ ሠ አርሞ ይጽፍ ነበር። በጡረታ ዘመናቸው የሕይወት ታሪካቸውን በሁለት ወፋፍራም ደብተሮች በእጃቸው ጽፈው አለፉ።

ደብተሮቹ እኔ ወደምኖርበት ወደ ናይሮቢ የመጡት ካረፉ ከዓመት በኋላ ነው። በኮምፒውተር ጽፌ በየአገሩ ለተበተኑት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ላዳርስ ለቤተሰቡ ቃል ገባሁ።

ለዚህም ሥራ ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያውን ሜካኒካል ኪቦርድ ገዛሁ። የተለመደው ርካሽ ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈ አንድ ወጥ ጎማ ሲኖረው፣ ሜካኒካሉ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላ ያለው ስዊች አለው። ስዊቾቹም ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ በለስላሳ ይወርዳል፣ ቡናማው መሐል ላይ ለጣት ያስታውቃል፣ ሰማያዊው ደግሞ ቀጭ ይላል። በሉቱሊ ጎዳና በአንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ሰማያዊውን ስጫነው የአባቴ ቢሮ ድምፅ ተሰማኝ። ዋጋው 11,500 ሽልንግ ነበር። ለአንድ ኪቦርድ ይህን ያህል መክፈሌን ለባለቤቴ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው።

ሥራው ደስ እያሰኘኝ ገፋ። አርባ ያህል ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ለእኅቴ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላክሁላት። በማግስቱ ደውላ፣ «አባባ ‹ሰው›ን በንጉሡ ጽፈው ያውቃሉ እንዴ?» አለችኝ። ደብተሩን ገለጥኩ፤ አልጻፉም። ኮምፒውተሩን አየሁ፤ ተጽፏል። «ሰላም» አንዳንድ ቦታ «ሠላም» ሆኗል፤ «መልስ»ም «መልሥ»።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እኔ በምጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያ የላቲኑን ኤስ አንድ ጊዜ ሲጫኑት እሳቱ፣ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ንጉሡ ይጻፋል። በስዊች ውስጥ ያሉት ብረቶች ሲነካኩ ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይነጥራሉ፤ ደኅና ኪቦርድ ያን ንጥረት ቸል ብሎ አንድ ምት ብቻ ይቆጥራል። የእኔ ኤስ ግን አልፎ አልፎ አንዱን ምት ሁለት እያደረገ ይቆጥር ኖሯል። በእንግሊዝኛ ቢሆን የተደገመው ፊደል ወዲያው ዐይን ውስጥ ይገባ ነበር። በአማርኛ ግን ሁለቱ ፊደላት አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ስሕተቱ አርባ ገጽ ሙሉ አብሮኝ ተጓዘ።

ወደ መደብሩ ሄድኩ። ወጣቱ ሻጭ በትሕትና የመለወጫው ሰባት ቀን ማለፉን ነግሮኝ የአምራቹን የደንበኞች አገልግሎት አድራሻ ሰጠኝ። ጻፍኩ። መጀመሪያ የመጣው መልእክቴ መድረሱን የሚገልጽ፣ ሰው ያልነካው ደብዳቤ ነበር። ቀጥሎ ቪዲዮ እንድልክ ተጠየቅሁ። ካሜራ ደቅኜ ኤስን ሁለት መቶ ጊዜ ብጫነው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። የጻፍኳቸውን ገጾች ፎቶ አንሥቼ ስልክ ደግሞ፣ ኪቦርዱ የጠቀስኩትን ቋንቋ እንደማይደግፍ የሚያስረዳ መልስ መጣልኝ።

ተናደድኩ። ነገሩን ልተወውም አሰብኩ። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። በግእዝ «ሰረቀ» በእሳቱ ሲጻፍ የሌባ ሥራ መሆኑን፣ «ሠረቀ» በንጉሡ ሲጻፍ ደግሞ የፀሐይ መውጣት መሆኑን ነገርኳቸው። ኪቦርዳችሁ ሌባውን ፀሐይ እያደረገብኝ ነው አልኩ። የአባቴንም ደብተሮች ነገር አልሸሸግሁም።

በዚህ ጊዜ የመለሰችልኝ ሌላ ሠራተኛ ነበረች። ስለ ቋንቋ ድጋፍ አንድ ቃል አላነሣችም። በሣጥኑ ውስጥ ባለው መንቀያ የኤስን ስዊች ነቅዬ እምብዛም ከማልነካው ቁልፍ ስዊች ጋር እንዳለዋውጠው፣ ለአንድ ሳምንትም እየጻፍኩ እንድጠብቅ ነገረችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ኤስ ዳነ፤ ሕመሙ ከስዊቹ ጋር ወደ አዲሱ ቦታው ሄደ። ጥፋቱ የሰሌዳው ሳይሆን የአንዲቷ ስዊች መሆኑ ታወቀ። ከአንድ ወር በኋላ አራት አዳዲስ ስዊቾች በትንሽ ፖስታ ደረሱኝ። አንዷ በቂ ነበረች።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። አርባውን ገጽ ከደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል ማስተያየት ጀመርኩ። ያልጠበቅሁትን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ለገጽ ማነጻጸሪያ ብዬ ሁለተኛውን ደብተር እስከ መጨረሻው ሳገላብጥ፣ እናታችን ካረፉ በኋላ በተጻፉት ገጾች ላይ አባቴ ራሳቸው «ሥራ»ን በእሳቱ ጽፈውታል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግመው። ብዕሩም ከመስመሩ ወርዷል። እኛን ከእራት ያስቀረን የነበረው ፊደል እርሳቸውንም ጥሏቸው ሄዷል።

ለእኅቴ ደወልኩላት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «አታርመው» አለችኝ።

አላረምኩትም። ኪቦርዱ ያሳሳተውን ሁሉ መለስኩ፤ አባባ የተሳሳቱትን እንዳለ ተውኩ። ሁለቱን ለመለየት ከደብተሩ በቀር ሌላ ዳኛ አልነበረኝም። ሦስቱ ትርፍ ስዊቾች በመሳቢያዬ ውስጥ ከአባቴ መነጽር አጠገብ ተቀምጠዋል።