33 ዓመት ምክትል

«ምክትል» የሚለው ቃል በእኛ አገር የሥራ ስም አይደለም፤ የወረፋ ስም ነው። ምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ምክትል ኃላፊ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ስንል «ገና ያልደረሰው ሰው» ማለታችን ነው። ሰውየው አምስት ዓመት እዚያው ከቆየ ሐሜቱ ይጀመራል። ወይ አቅም የለውም፣ ወይ ከላይ ሰው የለውም፣ ወይ ወንበሩ ለተዋጽኦ የተሰጠ ነው ይባላል። (የመጨረሻው አንዳንዴ እውነት ነው፤ እሱን ሌላ ቀን።)

ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለ33 የውድድር ዘመን ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ስለኖረ ሰው ነው። ስፖርቱ የእኛ እግር ኳስ አይደለም። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት፣ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበት ነው። ሕጉን ባታውቁ አትጨነቁ፤ እኔም አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየኖርኩ ልጄ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ቡድኑ የሚያጠቃና የሚከላከል ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ተጫዋቾች፣ የተለያዩ አሰልጣኞች አሏቸው። ዋናው አሰልጣኝ ከሁሉም በላይ ነው። ሜዳ ላይ በየደቂቃው ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ ሥር ያለው ሰው ነው።

ሰውየው ባድ ፎስተር ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኬንታኪ ውስጥ በሚገኘው መሪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት አሰልጣኙ ፍራንክ ቢመር ነበር። በ1987 ቢመር የቨርጂኒያ ቴክ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲቀጠር ፎስተርን ይዞት መጣ። ብላክስበርግ የምትባል፣ ተራራ መሃል ያለች የኮሌጅ ከተማ ናት። እኛ ካለንበት ከዋሽንግተን ዙሪያ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል።

የረዳት አሰልጣኝ ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል እንጂ የተረጋጋ አይደለም። ዋናው ከተባረረ ረዳቶቹም አብረው ጓዛቸውን ይጠቀልላሉ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ የተገዛው ቤት ይሸጣል። ዋናው ባይባረርም ቡድኑ ሲሸነፍ አንድ ሰው መክፈል አለበት፤ የሚከፍለው ደግሞ ምክትሉ ነው። በ1992 ቨርጂኒያ ቴክ 2 ጨዋታ አሸንፎ፣ 8 ተሸንፎ፣ በ1 አቻ ወጣ። ቢመር ሥራው ላይ ቆየ። ከረዳቶቹ ግን የተወሰኑት ተሸኙ። ፎስተር ከተረፉት አንዱ ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ ቢመር ጡረታ እስከወጣበት 2015 ድረስ ቡድኑ አንድም ዓመት ከዓመቱ ማብቂያ የክብር ጨዋታ አልቀረም።

በ1995 ፎስተር የመከላከሉን ክፍል ከሌላ ባልደረባው ጋር ተረከበ። በዚያው ጊዜ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ይዘውት የሚወርዱትን ዓይነት አንድ የተጨማደደ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ የክፍሉ ምልክት አደረገ። አዎ፣ ምሳ ዕቃ። ተከላካዮቹ ወደ ጨዋታ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ እኛ ሠርቶ አዳሪዎች ነን።

በሚያዝያ 2007 በዚያ ግቢ ውስጥ 32 ሰዎች በአንድ ታጣቂ ተገደሉ። ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ያን ቀን አንረሳውም፤ ልጅ ኖሮት ስልክ ያልሞከረ አልነበረም። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ምሳ ዕቃው ውስጥ የ32ቱ ሟቾች ስም ዝርዝር ገባ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ነው ስለ ሰውየው ማንበብ የጀመርኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1996 ለኮሌጅ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኞች ብቻ የሚሰጥ የብሮይልስ ሽልማት ተጀመረ። መጀመሪያ የወሰደው በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1984 እስከ 2009 የመከላከሉን ክፍል የመራው ሚኪ አንድሩስ ነው። ፎስተር በ2006 ወሰደው። ሁለቱ በጥር 2000 ለአገሪቱ ሻምፒዮንነት ተገናኝተው የአንድሩስ ቡድን 46 ለ29 አሸንፏል። ልብ በሉ፣ ሽልማቱ «ነገ ዋና ለሚሆን» የሚሰጥ ማበረታቻ አይደለም። ምክትልነትን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ የሚቆጥር ነው። ገንዘቡም እንደዚያው፤ ፎስተር በኋለኞቹ ዓመታት በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ከብዙ አነስተኛ ኮሌጆች ዋና አሰልጣኞች የሚበልጥ ደመወዝ ነው።

እዚህ ላይ አባቴን ላንሳ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 17 ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። በ17 ዓመት ውስጥ አምስት ርዕሳነ መምህራን ተቀያይረውበታል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በእጁ ያወጣል፣ ፈተናውን ያሳትማል፣ የሚያቋርጠውን ተማሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይመልሳል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ግን ሰው ያገኘው እንደሆነ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ አልሾሙዎትም?» ሹመቱ ከላይ ነበር የሚመጣው፤ አዲሱ ሰውዬ ይመጣል፣ አባቴ የትምህርት ቤቱን ቁልፍና ችግር ያስረክበዋል፣ ሰውዬው ሥራውን ሲለምድ ይነሳል። ሲያርፍ ለቅሶ ላይ አንድ ዘመዳችን፣ ማጽናናቱ መሰለውና፣ «ምክትል እንደሆነ አለፈ፤ እግዜር ያውቅለታል» አለ። እናቴ ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

የፎስተርን ታሪክ የትዕግሥት ስብከት አድርጎ መሸጥ ቀላል ነው። «እዩ፣ በቦታው ረክቶ 33 ዓመት ቆየ» ብሎ ለሠራተኛ መንገር ለአለቃ በጣም ይመቻል። እኔ ግን አልገዛውም። ፎስተር ዋና የመሆን ፍላጎት የሌለው ሰው አልነበረም። የቆየው መቆየት ስለማያከስረው ነው፤ ደመወዙ ያድጋል፣ ስሙ ይጠራል፣ የራሱ ክፍል አለው፣ ማንም ገብቶ አያዝበትም። ቢመር ጡረታ ወጥቶ ጀስቲን ፉንቴ ሲተካ እንኳ አዲሱ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ፎስተርን ማባረር ሳይሆን ማቆየት ነበር። አባቴ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘም። የሁለቱን ትዕግሥት አንድ ላይ አስቀምጦ ማመስገን በአባቴ ላይ መቀለድ ነው።

እኛ ጋ ደመወዝ ወንበርን ይከተላል። ጎበዝ ሐኪም ጭማሪ ሲፈልግ የሆስፒታል አስተዳዳሪ ይሆናል፤ ሆስፒታሉ ሐኪም ያጣል፣ ደካማ አስተዳዳሪ ያገኛል። ለእውነቱ፣ መምህራን የራሳቸው የደረጃ እድገት መሰላል አላቸው፤ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን መሰላሉ ኪስ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከኑሮው ውድነት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ፎስተር 60 ዓመት በሞላው በ2019 የመጨረሻ ዘመኑ መሆኑን ውድድሩ ሳይጀመር ተናገረ። ኅዳር ላይ ጆርጂያ ቴክን 45 ለ0 አሸነፉ። በሳምንቱ፣ በሜዳው የመጨረሻ ጨዋታው፣ ፒትስበርግን 28 ለ0። ልጄ ለምስጋና ቀን ዕረፍት ቤት መጥታ ስለነበር ጨዋታውን አብረን አየነው። «አባዬ፣ ዜሮ እኮ ነው!» እያለች ትጮሃለች። ተከላካይን ለሚያሠለጥን ሰው ከዜሮ በላይ ስጦታ የለም። በቀጣዩ ሳምንት ግን ለ15 ተከታታይ ዓመት ሲያሸንፉት በኖሩት በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 39 ለ30 ተሸነፉ፤ የመሰናበቻው ጨዋታም በኬንታኪ 37 ለ30 ሽንፈት ነበር። በፊልም ቢሆን ኖሮ ፒትስበርግ ላይ ያቆሙት ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያስገርመኛል። በ2021 መጨረሻ ቨርጂኒያ ቴክ ዋና አድርጎ የቀጠረው ብሬንት ፕራይን ነው። ፕራይ በ1990ዎቹ እዚያው ግቢ በፎስተር ሥር ጀማሪ ረዳት የነበረ፣ በኋላም በፔን ስቴት የመከላከሉን ክፍል በመምራት ስም ያተረፈ ሰው ነው። ምርጥ ምክትል ነበር። ዋና ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት በ3 ድልና በ8 ሽንፈት አለቀ፤ በ2025 ደግሞ ሦስቱንም የመክፈቻ ጨዋታዎች ሲሸነፍ መስከረም ላይ ተሰናበተ። ሰውየው በአንድ ሌሊት ሞኝ አልሆነም። ሥራው ሌላ ሥራ ስለሆነ ነው። አጥር መገንባት የሚችል ሁሉ መንደር ማስተዳደር ይችላል ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ታናሽ እህቴ ናት። ፊዚክስ መምህርት ነች፤ ተማሪዎቿ ከሌላ ክፍል ሾልከው እሷ ክፍል ይገባሉ። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ርዕሰ መምህርት ሁኚ እያሉኝ ነው፤ ምን ትላለህ?» አለችኝ። ስለ ፎስተር ልነግራት ጀመርኩ። አቋርጣኝ የቤት ኪራይዋ ስንት እንደደረሰ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ «አትቀበዪ» የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ትናንት መልእክት ልካለች። እቀበላለሁ፣ ግን የ12ኛ ክፍል ፊዚክስን እኔው አስተምራለሁ ብላ በጽሑፍ ጠይቃለች። መልሱ ገና አልመጣም።